ዳሩ የተከረከመው የሰርግ ፊልም

ዩትሬክት፣ ኔዘርላንድስ
ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ አብዱልሰመድ፤ ራቤል

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ዓይንዎን ብሩህ፣ እጅዎን ቀና ያድርግልኝ። እንደምን ከረሙ? ባለቤትዎ እትዬ ሲዲቃስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እናቴንማ ጁምዓ ጁምዓ በስልክ አገኛታለሁ። እርስዎ ግን ስልኩ ሲሰጥዎት «ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር አይገባኝም» ብለው ስለሚመልሱት፣ ይኸው እንደ ድሮ ሰው እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የስፌት መቀስዎን ያስቀምጡልኝና ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

ከሥራ መልስ የማመሽበት ቦታ አግኝቻለሁ። ከተማው ዳር አንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት አለ። እዚያ ውስጥ ፊልም በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩት ዓይነት እንዳይመስልዎ፤ ተዋናይ የለ፣ ጥይት የለ። ከጣት በማይሰፋ የድሮ ፊልም፣ እንደ ሰዓት በሚሞላ ካሜራ ያነሳሉ፤ በባልዲ ያጥቡታል፤ እንደ ልብስ ገመድ ላይ ያሰጡታል። አንዷ ፊልሟን ጓሮ ቀብራ አፈሩ የሠራውን ቀለም ታሳየናለች። ሌላው በመርፌ እየጫረ ጭረቱን ግድግዳ ላይ ያስጨፍረዋል። ነርስ አለች፣ ሹፌር አለ። ሽማግሌው ቪለም ዕድሜ ልኩን ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ነው። አለቃ የሚባል የለም። እኔም የአረጋውያኑን ቤት ሥራዬን ስጨርስ ወደዚያ እሮጣለሁ። እንዴት እንደምንስቅ ቢያዩ!

ባለፈው ቪለም የእናቱን የሰርግ ፊልም አሳየን። ያን ጊዜ ልቤ ስንጥቅ አለ። ልጅ ሳለሁ እናቴ «የሰርጌ ፊልም አብዱልሰመድ ሳጥን ውስጥ ነው» ስትል እሰማ ነበር። ማሳያ መኪና ስላልነበረ ማንም አይቶት አያውቅም። አጎቴ፣ አባቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ያለኝ ፎቶ ያ የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ማኅተም አገጩ ላይ ያረፈበት። ሲራመድ፣ ሲዞር፣ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ፊልሙ ካለ እባክዎ ይላኩልኝ። አባቴን አንድ ጊዜ እንኳ ሲንቀሳቀስ ማየት እፈልጋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ
ሲሀም እንድሪስ


ራቤል
ታኅሣሥ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲሀም

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የሰው አገሩን ብርድ ያብርድልሽ። ብርድ ይበርዳል እንዴ ብላ ሲዲቃ ከጎኔ ሆና እየሳቀችብኝ ነው። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ምላሷም እንደዚያው። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን።

ወረቀትሽን አንብቤ አፌን ይዤ ቀረሁ። ትልቅ ሰው ፊልም ጓሮ ይቀብራል? ለመሆኑ የሚሉት ነገር የላቸውም ጎረቤቶቻችሁ? ብቻ አንቺ ከሳቅሽ ይሁን፤ የሚያስቅ ሥራ ፈት ከሚያስለቅስ ሠራተኛ ይሻለኛል።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። ያኔ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ ሚስተር ያን የሚባል የቼክ መሐንዲስ ነበር። እሱና እንድሪስ ቋንቋ ሳይኖራቸው ወዳጅ ሆኑ። አባትሽ እኮ ከድንጋይም ጋር ይግባባ ነበር! የሰርጉ ዕለት ሰውዬው ካሜራውን እየሞላ ሲያነሳ ዋለ። አገሩ ከገባ በኋላ ፊልሙ ታጥቦ በፖስታ መጣልን። ወደ ፀሐይ ይዘን ብናየው ሰው ሁሉ ከሽንብራ ያነሰ ነው፤ ሙሽራውን ከበቅሎው መለየት አልቻልንም። ማሳያው እስኪገኝ ብለን ሳጥን ውስጥ አኖርነው። ማሳያው ሳይገኝ እንድሪስ ሄደ። አላህ ጀነትን ይወፍቀው። ከዚያ ወዲያ እናትሽ አንድ ቀን እንኳ «አውጣልኝ» ብላኝ አታውቅም። እኔም አላነሳሁባትም።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ፊልሙን ሳወጣው ዳርና ዳሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳሳ ነው። ቀዳዳው እኩል እኩል የሄደ ነው፤ ገና ሳየው ገባኝ። የተተረተረ ስፌት ነው! ፈረንጁ ለክብሩ ከጨርቅ ጋር ሰፍቶት ኖሮ፣ ሲልከው ክሩን መዝዞ ቀዳዳውን ትቶታል። እንዲህ ያለ ዳር ይዘሽ ሰው ፊት ብትቀርቢ ነውሩ የኔ ነው፤ አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው ስትይ ማን ያምንሻል? ስለዚህ በትልቁ መቀሴ ዳርና ዳሩን ከርክሜ እንደ ጥብጣብ ቀጥ አድርጌልሻለሁ። የተበጠሰውንም በነጭ ክር ገጣጥሜዋለሁ። ወላሂ ሐር ሆኗል! ረዳቴ አብዱልሀኪም ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ደብረ ብርሃን ሲወርድ ፖስታ ቤት ያስገባልሻል። ለቪለምም አሳዪው፤ እሱም ባለሙያ ነውና ይፍረድ።

ሰው ከመጣ ጂንስ የሚበሳ ጠንካራ የመኪና መርፌ ላኪልኝ። እዚህ ያለው በሁለተኛው ሱሪ ይሰበራል።

አጎትሽ
አብዱልሰመድ


ዩትሬክት
የካቲት 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምና ጤናዎ ይብዛልኝ፤ የእጅዎ በረከት ከቤትዎ አይጥፋ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ወረቀት ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አንድ ነገር ልለምንዎ፦ እስከ መጨረሻው ሳያነብቡ አይደንግጡ።

ፊልሙ ደርሶኛል። ግን አጎቴ፣ ያ ቀዳዳ የስፌት አልነበረም። የፊልሙ የራሱ ነው። ልብስ መስፊያ መኪናዎ ከመርፌው ሥር ጨርቁን የሚጎትት ጥርስ አለው አይደል? ማሳያውም እንደዚያ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ በየቀዳዳው እየገባ ፊልሙን ይስበዋል። ቀዳዳ የሌለውን ፊልም በዓለም ላይ ያለ አንድም ማሳያ አይስበውም።

የፊልሙን ጣሳ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ስንከፍተው ቪለም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አለቀስኩ። ተናደድኩብዎም። አባቴን በእጄ ይዤው ላላየው ነው አልኩ። ኋላ ደብዳቤዎን እየተረጎምኩ ሳነብላቸው «የተተረተረ ስፌት ነው!» የሚለው ላይ ስደርስ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። ቪለም ሲስቅ መነጽሩ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። አሁን እዚህ ሰው ሁሉ ያውቅዎታል፤ ጠዋት ስገባ «አጎትሽ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል።

ተስፋ ግን አለ። ፊልም ማለት የተደረደረ ትንንሽ ፎቶ ነው። ቪለም ከእንጨት ቀጭን ቦይ ሠራ። ፊልሙን በቦዩ ውስጥ በእጃችን እየገፋን፣ ከሥር መብራት እያበራን፣ እያንዳንዱን ፎቶ ቀዳዳ ባለው አዲስ ፊልም ላይ መልሰን እናነሳዋለን። አንድ ፎቶ፣ ቀጭ። ትንሽ ገፋ፣ ቀጭ። ሁሉም በየተራው መጥቶ ይሠራል፤ ነርሷ ስትወጣ ሹፌሩ ይገባል። አቆራረጥዎ ቀጥ ያለ ባይሆን ኖሮ በቦዩ አይሄድልንም ነበር። ጭንቀቴ ሌላ ነው። ፊልሙ ከዕድሜ ብዛት ደርቋል፣ አንዳንድ ቦታ ስንነካው ይሰነጠቃል። እስካሁን የታየኝ በቅሎና የሰው ጀርባ ነው። አባቴ ይኑርበት አይኑርበት አላወቅሁም።

አንድ ነገር አስቸግርዎታለሁ። እኛ ፊልም የምናጥበው በቅጠል ነው፤ ቅጠሉን አፍልተን የልብስ ሶዳና የቫይታሚን ሲ ዱቄት ጨምረን። እንዲህ የሚሆን ቅጠል እዚህም ሞልቷል። እኔ ግን የአባቴን ፊልም በራቤል ጦስኝ ማጠብ እፈልጋለሁ። ይልኩልኛል?

ለእናቴ ነግረዋታል? በስልክ ስናወራ ምንም አላነሳችልኝም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ልጅዎ ሲሀም


ራቤል
መጋቢት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሲሀምዬ

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ የሚያፍር ሰው ሰላምታ አያረዝምም። አላህ ይጠብቅሽ፣ እኔንም ከሲዲቃ ይጠብቀኝ።

ጉዴ ፈላ! ደብዳቤሽን ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ አልነበረብኝም። ሲዲቃ ሰማች። «ብል ያልበላውን፣ አይጥ ያልደረሰበትን አንተ በላኸው!» ብላ ጀመረች፣ እስካሁን አላባራችም። ወጥ ስታቀርብልኝ እንኳ «ዳሩን ልከርክምልህ?» ትለኛለች።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። ያን ያህል ዓመት አደራ ያስቀመጠችውን ዕቃ በመቀስ በላሁት ብዬ በምን አፌ ልንገራት? ሱቅ ስትመጣ የጨርቅ ጥቅል ጀርባ ገብቼ ክር እንደጠፋበት ሰው እጎነበሳለሁ። ትናንት «አብዱልሰመድ፣ ወገብህን አመመህ?» አለችኝ። አመመኝ አልኳት፤ መዋሸቴ አይደለም፣ ከመጎንበሱ ብዛት እውነትም አመመኝ።

የከረከምኩት ጠርዝ አልተጣለም። ጥቅል ማሰሪያ አድርጌው ነበር፤ ሁሉንም ፈትቼ ሰብስቤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ካስፈለገ መልሼ እሰፋዋለሁ፤ ቀዳዳ ለቀዳዳ አስተካክዬ።

ጦስኙን ከደጋው አስለቅሜ በጥላ አድርቄዋለሁ። ለሻይ፣ ለጉንፋን፣ ለሆድ ሲሆን አውቃለሁ። ለፊልም ሲሆን ግን በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ሲዲቃ «ለእንድሪስ ነው» ትላቸዋለች፤ ሰዉም ግራ ገብቶት አሚን ይላል።

መርፌውን ተዪው። ምንም እንዳትልኪልኝ። ወንድሜ ከታየ ብቻ ጻፊልኝ።

አብዱልሰመድ


ዩትሬክት
ሚያዝያ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አየሁት!

ሰላምታው ይቆየኝ፣ አየሁት! አባቴን አየሁት! አሁን አሰላሙ ዐለይኩም፤ ረመዳኑን በሰላም ያድርስዎ፣ እርስዎንና ቤትዎን አላህ ይባርክ። ጀዛከላሁ ኸይር።

ጦስኙን ያፈላን ዕለት ዳቦ ቤቱ ራቤልን ራቤልን ሸተተኝ። አላፊ አግዳሚው ሻይ ቤት የከፈትን መስሎት በሩን እየገፋ ይገባ ነበር። ጨለማ ክፍል ገብቼ አዲሱን ፊልም ጦስኙ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ቪለም ባልዲውን ያዘልኝ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ማሳያው ላይ ተጠመጠመ። ሁሉም መጡ፤ ነርሷ ከነሥራ ልብሷ፣ ሹፌሩ አውቶብሱን ገና ማቆሙ ነበር።

መጀመሪያ በቅሎዋ መጣች። ቀጥሎ የሰው ጀርባ። ከጀርባዎቹ አንዱ ዞር አለ፣ እሱ ነው! ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት። ጆሮው እንደኔው ወደ ውጭ የወጣ፣ ረጅም፣ ሲራመድ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል የሚል። ካሜራውን አየና ሳቀ። አጎቴ፣ ሳቄ የሱ ነው! ቪለም ግድግዳውን አይቶ እኔን አየ፣ እኔን አይቶ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ መሐረቡን አወጣ። በክር የገጣጠሙበት ቦታ ሲደርስ ስፌትዎ እንደ መብረቅ ብልጭ እያለ ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። እርስዎም አሉበት፤ ቀጭን ነበሩ! ሰው እንዲህ ይቀጥናል?

አጎቴ፣ አሁን የምጠይቅዎትን በስልክ ልጠይቃት አፌ አልደፈረም። ጁምዓ ደውዬላት ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋሁት።

መጨረሻው ላይ ሁለቱ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል። እናቴ በዓይነ ርግብ እንደተሸፈነች ነው፤ ፊቷ አይታይም። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ይነግራታል። ፊልሙ ድምፅ የለው፣ ምን እንዳላት አይሰማም። እሱ ቀና ከማለቱ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ዓይነ ርግቡ ይርገፈገፋል። አንዲት ትልቅ ሴት ሮጠው መጥተው ያቅፏታል፤ እሷም ይበልጥ ትንቀጠቀጣለች። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። ነርሷ እጄን ያዘችኝ።

እናቴ ያን ቀን ታለቅስ ነበር? ሳትወድ ነው የተዳረችው? ስለ እሱ ብዙ አታወራም፤ እኔ ኀዘኗ ነው ብዬ ነበር። ሌላ ነገር ከሆነስ? አባቴን በማየቴ ከደስታዬ ልሞት ነው፤ እሷ ግን ያን ቀን አዝና ከነበረ ይህ ሁሉ ደስታ ይከብደኛል።

አንዱን ቅጂ ከትንሽ ማሳያ ጋር ልኬአለሁ። አብራኝ የምትሠራው ፍሬሕይወት የመሐል ሜዳ ልጅ ናት፤ ለእረፍት ስትመጣ ደብረ ብርሃን ላይ ለአብዱልሀኪም ታስረክበዋለች። እጀታው በእጅ ነው የሚዞረው፤ መብራቱን ቪለም በሶላር ባትሪ እንዲሠራ አድርጎታል። ለእናቴ ይታይ አይታይ፣ ፍርዱን ለእርስዎ ትቻለሁ። የሚያስለቅሳት ከሆነ ይቅር።

ሲሀም


ራቤል
ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለሲሀም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንኳን ለኢድ አደረሰሽ፤ ያየሽውን ደስታ አላህ አያጉድልብሽ። ለዳቦ ቤቱ ሰዎችም አንድ በአንድ ሰላም በዪልኝ። ሥራ ፈት ብዬ የጻፍኩትን አንብበሽላቸው እንደሆነ ደግሞ አስተባብዪልኝ።

ማሳያው ደህና ገብቷል። ደብዳቤሽን ግን ይዤ ብዙ ቀን ተብሰለሰልኩ። ያን መንቀጥቀጥ እኔ አላየሁትም፤ እንግዳ በማስተናገድ ላይ ነበርኩ። ለቅሶ ከሆነ አንቺ ካገርሽ ርቀሽ፣ እሷ እዚህ፣ እኔ መሀል ቤት ምን እሆናለሁ? ረመዳኑን በሙሉ ስሸሻት ከረምኩ። ኢድ ካለፈ በኋላ ዛሬ ግን ሲዲቃ እጄን ይዛ እናትሽ ቤት ወሰደችኝና «ንገራት» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ መቀሱንም፣ ጦስኙንም። እናትሽ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ለዚህ ነው ወገብህን ያመመህ?» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ «የታለ?» ብላ ተነሳች።

ሱቁን ዘጋን። ብርሃን የሚገባበትን ሽንቁር ሁሉ በቁራጭ ጨርቅ ወተፍነው፤ በቀትር ጨለማ ሠራን። ነጭ አቡጀዲ ከመደርደሪያው ላይ ዘረጋሁ፣ አንዴም ሳልቆርጠው! እኔ እጀታውን ያዝኩ፤ ሲዲቃ፣ አብዱልሀኪምና እናትሽ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጡ።

በቅሎዋ ስትመጣ ሲዲቃ በስሟ ጠራቻት። እንድሪስ ሲዞር፣ ሲሀም፣ እጄ ቀጥ አለ። ወንድሜ ያው ነው። እኔ አርጅቼ እሱ እንደዚያው ነው። «ያ ወንድሜ!» አልኩ። እናትሽ «አዙር እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ሰው ሁሉ እያወራ እሷ ብቻ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ለካ ሰርጉን አይታው አታውቅም! በዓይነ ርግብ ተሸፍና አንገቷን ደፍታ የዋለች ሙሽራ ከራሷ ጉልበት ሌላ ምን ታያለች? ዳሱን፣ ዘፋኙን፣ አጃቢውን፣ ሁሉንም በጆሮዋ ነበር የዋለችው። ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ላይ ደረሰ። እንድሪስ ጎንበስ አለ። አቡጀዲው ላይ ያለው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ዘወር ብል እናትሽም ተቀምጣ እንዳለች ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አለቀልኝ አልኩ። ማዞሬን ተውኩ። ነጠላዋን ስታነሳ እየሳቀች ነው! ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። ያንቺን ጥያቄ ያን ጊዜ አነበብኩላት። «ብዕር አንሳ፣ የምልህን ሳትቆርጥ ጻፍ» አለችኝ። ይኸው፦

«ልጄ፣ አላለቀስኩም። አባትሽን ጫማ ጠቦት ነበር። ጫማው የዚህ የአጎትሽ ነው፤ ለሰርጉ በውሰት ያደረገው። ዳሱ ውስጥ እንደተቀመጥን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ‹ሰሚያ፣ እግሬ ሞተ። በአላህ ይሁንብሽ ራሷን ሳተች እንዲባል ውደቂልኝ፤ ሰው ወዳንቺ ሲሮጥ እኔ ጫማዬን ላውልቅ› አለኝ። ሙሽራ አይስቅም፣ ነውር ነው። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ጉንጬን ነከስኩ፣ አልሆነም። አክስቴ፣ ‹አለቀሰች› ብለው ሮጠው መጥተው ሲያቅፉኝ ባሰብኝ። እሳቸው ‹አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ› ይሉኛል፣ እሱ ከወዲያ ጫማውን ያወልቃል። ስለ እሱ የማላወራሽ ሳስታውሰው ሳቄ ስለሚመጣና ሰው ‹ባሏ የሞተባት ምን ያስቃታል?› እንዳይለኝ ብዬ ነው። ድምፁን ያን ቀን ሰምቼዋለሁ። ፊቱን ግን አላየሁትም ነበር። ያን እያለኝ በዓይኑ እንዴት እንደሚያየኝ አላውቅም ነበር። አንቺ አሳየሽኝ።»

ያለችው ይህ ነው፤ አልቆረጥኩም። ሌላም ልጽፍልሽ ነበር፤ እሷ ግን ፊልሙን ከመጀመሪያው ጠምጥማ እጄን እጀታው ላይ አድርጋለች፣ «አዙር» እያለችኝ ነው። ማዞሩ ሁለት እጅ ይፈልጋል።

አጎትሽ
አብዱልሰመድ